ለነገ ተብሎ የቆመው መርፌ

የሠራሁበት ሆስፒታል ከጦርነቱ የተረፉትን ክፍሎቹን ጠግኖ ሊከፍት ነው ሲባል ሰምቼ ሄድኩ። ነጩን ጋዋኔን አጥቤ፣ ተኩሼ፣ በፌስታል ይዤ፣ ኻርቱም ውስጥ ከምኖርበት ሐጅ ዩሱፍ ሰፈር ሁለት ሐፍላ ቀይሬ ደረስኩ። ሐፍላ እዚህ ሚኒባሱን ነው የምንለው። አዲሱ የሠራተኛ ኃላፊ በዕድሜ ልጄ ይሆናል። ስሜን ጠየቀኝ፤ መዝገቡ ውስጥ ፈልጎ አጣው። የድሮው መዝገብ ተቃጥሏል። ቀና ብሎ ፊቴን አየና፣ "ያ ኻልታ፣ አንቺ እኮ ደክመሻል። እቤትሽ ዕረፊ" አለኝ። ኻልታ አክስት ማለት ነው።

የሃያ ስድስት ዓመት ሥራዬ በዚች ቃል አለቀ። የውጭ አገር ሰው ነኝ፤ ጡረታ የሚባል አበል ድሮም አልነበረኝም፤ ለሱ አላለቅስም። ያንገበገበኝ፣ ምን ትሠሪ ነበር ብሎ እንኳ አለመጠየቁ ነው። ቢጠይቀኝ የምለውን መንገድ ላይ ሳሰናዳ ነበር የመጣሁት። "የተሰበረ እግር እጠብቅ ነበር" ልለው ነበር። "አንዷን ግን አልጠበቅኳትም" ብዬ እጨምርለት እንደሆነ ግን እርግጠኛ አይደለሁም።

ወደ ኻርቱም የመጣሁት በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ከወሎ፣ ከባቲ አካባቢ። እንደ ብዙዎቹ የአገሬ ልጆች ሰው ቤት ገባሁ። ቤቱ አል-ሳሃፋ ሰፈር ነበር፤ እመቤቲቱ የነርሶች አለቃ ነበረች። አራት ዓመት ቤቷን ጠረግኩ፣ ልብሷን አጠብኩ፣ ልጆቿን አዘልኩ። አንድ ቀን የአጥንት ክፍሉ የጽዳት ሠራተኛ ጥላ ጠፋችና፣ "ያላ ዘሃራ፣ ተነሽ እንሂድ፤ ለአንድ ሳምንት ብቻ" ብላ ይዛኝ ሄደች። በዚያው ቀረሁ።

ዐንበሩ፣ ማለት የሕሙማኑ አዳራሽ፣ ሃያ አልጋ ነበረው። በየአልጋው ግርጌ እግር የሚጎትት ገመድ፣ በገመዱ ጫፍ የተንጠለጠለ የአሸዋ ከረጢት፣ አንዳንዱ ሰው ጭን ላይ ደግሞ ቆዳ በስቶ የወጣ ብረት ይታያል። ባልዲዬን ይዤ ደርቄ ቀረሁ። ፂሙ የነጣ ረጅም ሰውዬ፣ "አትፍሪ፣ ብረቱ አይደለም የሚጎዳቸው። የሚጎዳቸው መጠበቁ ነው" አለኝ። አሚ ኢድሪስ ነበር። አሚ ማለት አጎቴ ነው፤ ሱዳኖች ትልቅ ሰው ሲያከብሩ እንዲህ ይላሉ። ጄሶውን የሚያቦካው፣ ገመዱን የሚያስረው፣ ክብደቱን የሚመጥነው እሱ ነበር። ዶክተር አልነበረም። ዶክተሮቹ ግን ዐንበሩ ውስጥ ሲገቡ መጀመሪያ የሚያዩት የሱን ፊት ነበር፤ ፊቱ ከጠቆረ አንድ አልጋ ላይ አንድ ነገር እንዳለ ያውቃሉ።

ቁጭ በይና ተማሪ ብሎኝ አያውቅም። ወለሉን ስወለውል፣ "ዘሃራ፣ ነይ ይህን ያዢልኝ" ይላል። እይዛለሁ። በሚቀጥለው ቀን፣ "ትናንት የያዝሽው ምን ነበር?" ይለኛል። በሁለተኛው ዓመት እመቤቴን ለምኖ የረዳት ነርስ ትምህርት አስገባኝ። ከዚያ ወዲህ መጥረጊያ አልያዝኩም፤ ወይም እንደማልይዝ መስሎኝ ነበር።

ከሱ የተማርኩት ይህ ነው። እግር ክፉኛ ሲሰበር በዚያው ቀን ቀደው አይጠግኑትም። ያብጣል፤ ቆዳው ይወጠራል፤ ውኃ ይቋጥራል። እንዲህ ያለውን ቆዳ የቀደደ ሐኪም መልሶ ለመዝጋት ይቸግረዋል። ስለዚህ ለጊዜው አጥንቱን ከውጭ ያስሩታል፤ ከስብራቱ በላይና በታች ብረት ይተክሉና በዘንግ ያያይዙታል። ድሮ በገመድና በአሸዋ ብቻ ነበር። ከዚያ እብጠቱ እስኪጎድል ይጠበቃል። አሚ ኢድሪስ ጠዋት ጠዋት ቆዳውን በሁለት ጣቱ ገፋ ያደርጋል፤ እንደ አሮጊት እጅ ሲጨማደድለት "ይሄ ደርሷል" ብሎ ለሐኪሞቹ ይነግራል።

ችግሩ እዚያ ጥበቃ ውስጥ ነው። የማይንቀሳቀስ እግር ውስጥ ደም ይዘገያል፤ የዘገየ ደም ይረጋል። የረጋው ተነቅሎ ወደ ላይ ከወጣ ሳንባ ላይ ሄዶ ይወተፋል፤ ሰውዬው እያወራሽው ይሞታል። ለዚህ ሁለት ነገር አለ፤ በየቀኑ ሆድ ላይ የሚወጋ ደም የሚያቀጥን መርፌ፣ ሌላው እንቅስቃሴ። አሚ ኢድሪስ በሽተኞቹን፣ "እንደ ስፌት መኪና ርገጡ!" እያለ በየሰዓቱ የእግራቸውን መዳፍ ወደ ላይ ወደ ታች ያስረግጣቸው ነበር። የታሰረውንም እግር ጣቶቹን፣ ደህነኛውንም እግር። ያልረገጠ ሰው ሻይ አያገኝም።

በደረት ኪሱ የልብስ ሰፊ ሜትር ይይዛል። ከጉልበት በታች አንድ ስንዝር ለክቶ በእስክሪብቶ ምልክት ያደርጋል፤ በየጠዋቱ በዚያው ምልክት ላይ ባቱን ይለካል፤ ሁለቱንም እግር። ሰላም ሳይል ነው የሚለካው፤ ሰላምታው ከልኬቱ በኋላ ነው። "የተሰበረ እግር ማበጡ አያስደንቅም" ይለኝ ነበር። "አንቺ ዛሬን ከትናንት ጋር አስተያዪ። ጎድሎ ጎድሎ መልሶ ከጨመረ ጩኺ። አትፍሪ፣ አትፍሪ፣ ጩኺ።"

ከሁሉ ይበልጥ የሚደጋግመው ግን ሌላ ነገር ነበር። ቀዶ ጥገና ሲቃረብ፣ ሰውዬው ብዙ እንዳይደማ መርፌው ይቆማል። "መርፌ ሲያቆሙ ሁልጊዜ ጠይቂ" ይለኝ ነበር። "ቀዶው ቢቀር ማን ያስጀምረዋል? በይ። የሚያቆም ሰው አይጠፋም። የሚያስጀምር ነው የሚጠፋው።"

አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፤ ከገዳሪፍ የመጣ ግዙፍ ሰው። ጭኑ ተሰብሮ በገመድ ተስቦ ተኝቷል። ሳምንት ሆኖት እኔ ስለካው ደህነኛው እግሩ ባት ጨምሮ አገኘሁት። ያልተሰበረው! ተሳስቼ ይሆናል ብዬ ሁለቴ ለካሁ። ከዚያ ጮኽኩ። ዋናው ሐኪም መጣ፤ ምርመራ አዘዘ፤ ጭኑ ድረስ የረጋ ደም ተገኘ። መድኃኒቱ ተጨመረለት፤ ተረፈ። ሲወጣ ለአሚ ኢድሪስ አንድ ጆንያ ሰሊጥ ላከለት። አሚ ኢድሪስ ግማሹን ለኔ አካፈለኝና፣ "ይሄ የጩኸትሽ ነው" አለኝ። በሥራ ዘመኔ እንደዚያ ቀን የኮራሁበት ቀን የለም።

ከዚያ ዓይኑ ደከመና ወደ ሰሜን፣ ወደ መንደሩ ሄደ። ሜትሩንም ይዞት ሄደ። እኔ ከሐጅ ዩሱፍ ገበያ የራሴን ገዛሁ።

በሱ ምትክ እኔን የሚሰማኝ ሰው አልመጣም። ዋናው ሐኪም ተቀየረ፤ ዐንበሩን በየቀኑ የሚያየው ዶክተር ሙእተዝ የሚባል ወጣት ሆነ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሦስት ዐንበር ለብቻው የሚሮጥ፣ ሁሌ እንቅልፍ ያላገኘ ሰው ነበር። አንድ ጠዋት የአንዲት ባልቴት ባት ጨምሮ አገኘሁትና ጮኽኩ። ሥራውን ትቶ ምርመራ አስደረገ። ምንም አልተገኘም። ተመልሶ መጣና በሃያ ሰው ፊት፣ "አንቺ ድሮ ጠራጊ አልነበርሽም? መጥረጊያሽ የት አለ?" አለኝ። በሽተኞቹ ሳቁ። ባልቴቲቱም ሳቀች። ከዚያ ቀን ጀምሮ መለካቱን አልተውኩም፤ መጮኹን ግን ተውኩት።

ሰዓዳ የመጣችው ዶክተር ሙእተዝ በመጣ በሁለተኛው ዓመት ነው። የወሎ ልጅ፣ ሃያ አራት ዓመቷ፤ እኔ ድሮ እንደነበርኩት አል-ሳሃፋ ሰው ቤት የምትሠራ። የተሳፈረችበት ሪክሻ፣ ማለት ባጃጅ፣ ከጭነት መኪና ተጋጭቶ ተገለበጠና ከጉልበቷ ሥር ያለው አጥንት እንደ ሸክላ ተፈረካከሰ። ጉልበቷን አሻግረው፣ ጭኗና ቅልጥሟ ላይ ብረት ተክለው አሰሩላት። ስትነቃ መጀመሪያ የሰማችው የኔን አማርኛ ነው።

"እትዬ፣ እግሬ አለ?" አለችኝ።

"አለ። ብረት ለብሷል እንጂ አለ።"

"ብረቱንስ ይወስዱታል ወይስ ይዤው አገሬ ልግባ?"

እንዲህ ያለች ነበረች። ስፌት መኪናውን አስተማርኳት። መቁጠሪያዋን ይዛ፣ "ሱብሃነላህ" እያለች ሠላሳ ሦስት ሠላሳ ሦስቱን ትረግጣለች። ሳልፍ፣ "እትዬ ዘሃራ፣ ዛሬ አንድ ሙሉ ቀሚስ ሰፍቻለሁ" ትለኛለች። ከዚያ በፊትም በኋላም እንደሷ የታዘዘ በሽተኛ አላየሁም።

በስድስተኛው ቀን ቆዳዋ ተጨማደደ። ደርሳለች አልኩ። ዶክተር ሙእተዝም አይቶ፣ "ቡክራ ትገባለች፤ ከዛሬ ማታ መርፌው ይቁም" ብሎ ጻፈ። ቡክራ ማለት ነገ ነው። በማግስቱ ሳትበላ ሳትጠጣ ስትጠብቅ ዋለች፤ የቀዶ ጥገና ዕቃ መቀቀያው ተበላሸ ተባለ። ቡክራ። በሁለተኛው ቀን ደግሞ ጾማ ዋለች፤ የአንድ ባለ ሥልጣን ዘመድ እጁ ተሰብሮ መጣና ተራዋን ወሰደው። ቡክራ። በሦስተኛው ቀን ዋናው ሐኪም ስብሰባ ተጠራ። በየቀኑ "ነገ ትገባለች" ስለሚባል መርፌው እንደቆመ ቀረ። ያቆመው ትእዛዝ ወረቀቱ ላይ አለ፤ የሚያስጀምረው ትእዛዝ የለም። ውኃ የምትጠጣው አመሻሽ ላይ ብቻ ነው። የኻርቱምን ሙቀት የሚያውቅ ያውቀዋል።

በሦስተኛው ቀን ዶክተር ሙእተዝን ኮሪደር ላይ አገኘሁት።

"ዶክተር፣ የሰዓዳ መርፌ..." አልኩ።

"ቡክራ ትገባለች፣ ኻላስ" አለኝ፤ እየሄደ ነው።

ኻላስ፤ አለቀ ማለቱ ነው። ተከትዬው መሄድ እችል ነበር። ኮሪደሩ ረጅም ነው። አልተከተልኩትም።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ለካኋት። በየቀኑ ሲጎድል የነበረው ባቷ በሁለት ጣት ጨምሮ ነበር። እንደገና ለካሁ። ያው ነው።

"ምነው እትዬ?" አለችኝ ፊቴን አይታ።

"ምንም" አልኳት። "ዛሬ ትገቢያለሽ።"

"ትናንትና ማታ ባቴን ቆረጠመኝ። ብዙ ስለረገጥኩ ነው?"

"ሊሆን ይችላል።"

ሜትሩን ጠቅልዬ ኪሴ ከተትኩት። ምን አሰብኩ? ዛሬ ትገባለች፣ ሐኪሞቹ ራሳቸው ያዩታል ብዬ አሰብኩ። ይሄ አንዱ ነው። ሌላው ደግሞ መጥረጊያው ነው። ምንም ባይገኝስ? እንደገና ሃያ ሰው ቢስቅብኝስ? ይህን ለራሴ ለማመን ብዙ ዓመት ፈጀብኝ። የሰው ሕይወት በአንድ እጄ፣ መሳቂያ መሆን በሌላው እጄ ይዤ መዝኜ፣ መሳቂያ መሆኑ ከበደኝ።

ረፋድ ላይ በእውነት ተጠራች። ጋሪው መጣ። እኔና አንድ ነርስ ከአልጋው ልናነሳት ስንይዛት ክንዴን ጨበጠች።

"እትዬ፣ ደረቴ" አለች።

"ምን ሆነ ደረትሽ?"

"አየር..."

ጮኽኩ። ያኔ ጮኽኩ። ሰው ሁሉ መጣ፤ ዶክተር ሙእተዝ እየሮጠ መጣና ራሱ ደረቷ ላይ ወጥቶ እስኪዝል ገፋ። ላቡ ፊቷ ላይ ይንጠባጠብ ነበር። አልተመለሰችም። ሲነሳ ዓይን ለዓይን ተያየን። ኮሪደሩ ላይ ያቋረጠኝን አስታውሶታል፤ አይቼበታለሁ። ከዓመት በኋላ ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ሄደ።

በሳምንቱ ኮሚቴ ተቀመጠ። የአስተዳደሩ ሰው ቢሮው ጠርቶኝ በዐረብኛ የተጻፈ ወረቀት አቀረበልኝ። ያኔ ዐረብኛ ማንበብ ለምጄ ነበር። "ሕመምተኛዋ የታዘዘላትን እንቅስቃሴ በተደጋጋሚ ባለመቀበሏ" ይላል።

"ይሄ ውሸት ነው" አልኩት።

"ለማን ነው ውሸት የሆነው? ልጅቷ ሞታለች፤ አላህ ይርሐማት። ወረቀቱ የሚያስፈልገው ለፋይሉ ብቻ ነው።" ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋ አደረገው። "ኢቃማሽ በእኛ ስም አይደል የሚታደሰው?"

ኢቃማ የመኖሪያ ፈቃድ ነው። ያለሱ ፖሊስ መንገድ ላይ ያነሳሽና አገርሽ ድንበር ላይ ይጥልሻል። ሁለት ልጆች ትምህርት ቤት ነበሩኝ። ፈረምኩ። እስክሪብቶው ጥሩ አይጽፍም ነበር፤ ሁለቴ አስደገመኝ።

ከዚያ በኋላ መርፌ በቆመ ቁጥር፣ "ቀዶው ቢቀር ማን ያስጀምረዋል?" ብዬ ሐኪሙን በር ላይ ቆሜ እጠይቅ ጀመር። መልስ ሳይሰጠኝ አላሳልፈውም። አንዱ ይቆጣል፣ አንዱ ይገፋኛል፤ አብዛኛው ግን ይጽፋል። ወጣቶቹ ሐኪሞች "ሲት ቡክራ" የሚል ስም አወጡልኝ፤ ወይዘሮ ነገ እንደማለት። ሳቁብኝ። መሳቂያ መሆን ይህን ያህል ቀላል መሆኑን ያወቅኩት ዘግይቼ ነው። ስንት ሰው እንደተረፈበት አላውቅም፤ የተረፈ ሰው ተርፌያለሁ ብሎ አይመጣም። ጦርነቱ መጥቶ ዐንበሩን ባዶ እስኪያደርገው ድረስ እንዲሁ ኖርኩ።

ከሥራ መቅረቴን ካወቅኩ ከጥቂት ወራት በኋላ፣ አንዲት ሴት በራፌን አንኳኳች። ሩቂያ እባላለሁ፣ የሰዓዳ ታናሽ ነኝ አለች። እኅቷ ስትሞት ገና አገር ቤት ልጅ ነበረች፤ አድጋ እሷም ለሥራ መጥታ፣ ሰው በሰው ጠይቃ አገኘችኝ። አስገባኋት። ሻይ አቀረብኩላት፤ አልነካችውም።

"የመጣሁት አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው" አለች። "ያኔ ከዕቃዋ ጋር አንድ ወረቀት ተልኮልን ነበር። የመስጊዱ ኢማም ዐረብኛ ስለሚችሉ አነበቡልን። ልጅቷ የሐኪም ትእዛዝ እምቢ ብላ ነው የሞተችው ይላል አሉ። እናቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ የምታለቅሰው 'ግትርነቷ ገደላት' እያለች ነው። እኔ ግን አላምንም። ከሥር የሐበሻ ስም አለ። ያንቺ ነው?"

ለፋይሉ ብቻ ነው ያለኝ ወረቀት ወሎ ድረስ ሄዶ፣ ስምንት ዓመት አንዲት እናት ቤት ተቀምጧል። ተቀመጥኩ።

"የኔ ነው" አልኳት። ሁሉንም ነገርኳት። ቡክራውን፣ መርፌውን፣ ሜትሩን ኪሴ መክተቴን፣ ፊርማውን። ሳላሳምር ነገርኳት። ስጨርስ አልሰደበችኝም፤ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ስልኳን አወጣችና ደውላ ሰጠችኝ።

"ይሄን እኔ አልነግራትም። አንቺ ንገሪያት።"

"ሃሎ፣ ሩቂያ?" አለ የእናትየዋ ድምፅ።

"ሩቂያ አይደለሁም፣ እማማ። ዘሃራ እባላለሁ። ሰዓዳ ስትሞት አጠገቧ የነበርኩት ነርስ ነኝ።"

ከጀርባዋ የዶሮ ድምፅ ይሰማል።

"ወረቀቱ ላይ ያለው ውሸት ነው፣ እማማ። ልጅዎ እምቢ አላለችም። ያዘዝናትን ሁሉ ታደርግ ነበር። ጥፋቱ የኛ ነው። እግሯ መክፋቱን አይቼ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ። በውሸቱም ላይ የፈረምኩት እኔ ነኝ።"

ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ከጆሮዬ አንስቼ አየሁት።

"እኔ እኮ" አለች በመጨረሻ፣ "እኔ እኮ ስምንት ዓመት ተቆጥቻታለሁ። ዱዓ ሳደርግላት እንኳ ተቆጥቻት ነው።"

"እማማ..."

"ስምሽን ማን አልሽኝ?"

"ዘሃራ።"

"ዘሃራ፣ ይቅርታ ልትጠይቂኝ ነው?"

"አዎ፣ እማማ።"

"ዛሬ አትጠይቂኝ" አለች። "ዛሬ እኔ ልጄን ይቅርታ የምጠይቅበት ቀን ነው።" ዘጋችው።